«ዱካክ ተጫነኝ» ሲሉን፦ ስለማይታየው የሚነገረንን እንዴት እንስማ?

(መካኒሳ ውስጥ ለመምህራንና ለተማሪዎች ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ)



የዛሬው ርእሴ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ እምብዛም አይነሣም፤ በየቤቱ ግን ዘወትር ይወራል። ቡና ሲፈላ፣ ለቅሶ ቤት ሲመሽ፣ መብራት ሲጠፋ፣ በተማሪዎች መኝታ ክፍል ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም የደረሰብኝን ልንገራችሁ» ይላል። ከዚያ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ይስቃል፤ ሌላው ያማትባል። የሳቀው «ቅዠት ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል፤ ያማተበውም «ጋኔን ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ግን ተናጋሪውን አንድም ነገር አልጠየቁትም።

ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳብ አጭር ነው። ተራው ሰው «አየሁ፣ ሰማሁ፣ ተጫነኝ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ አይዋሽም፤ አእምሮውም አልታወከም። የሆነ ነገር በእርግጥ ደርሶበታል። ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የደረሰበትን ነገር በምንሰይምበት ጊዜ ነው፤ ስም ያድናልና፣ ስም ይጎዳልምና። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎችን ለያይተን እንድንይዝ እጠይቃችኋለሁ። ሰውየው ምን ደረሰበት? የደረሰበትን ምን ብሎ ሰየመው? የሰጠውስ ስም ምን አስደረገው? የእኛ ችግር ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ መመለሳችን ነው።

ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሣ፤ ለምሳሌም አብዛኞቻችሁ የምታውቁትን ዱካክን ልውሰድ። ባስተማርሁባቸው ዓመታት ብዙ ተማሪዎች ይህን ነግረውኛል። የሁሉንም ትረካ አንድ ላይ ባደርገው የሚከተለውን ይመስላል። ሰውየው በጀርባው ተኝቷል። ሊነጋጋ ሲል ይነቃል። ክፍሉን ያያል፤ መስኮቱን፣ ወንበሩ ላይ የጣለውን ልብስ፣ ከጎኑ የተኛውን ጓደኛውን ይለያል። እጁን ሊያነሣ ይሞክራል፤ እጁ አይታዘዝም። ሊጮኽ ይሞክራል፤ ድምፁ አይወጣም። በሩ አጠገብ አንድ ሰው እንደ ቆመ ያውቃል፤ «ያውቃል» የምለው ሳያየውም እንኳ ስለሚያውቅ ነው። ያ ጥላ ይቀርባል፤ ደረቱ ላይ ይወጣል፤ ትንፋሹን ያሳጥረዋል። ከዚያ ድንገት ሁሉም ይለቀዋል። ጓደኛው ምንም አልሰማም።

የእንቅልፍ ሳይንስ ለዚህ ጥሩ ማብራሪያ አለው። ሌሊቱን በሙሉ፣ በየዘጠና ደቂቃው ገደማ፣ ዓይኖቻችን ከሽፋናቸው ሥር በፍጥነት ወደሚንቀሳቀሱበትና አብዛኛውን ሕልም ወደምናይበት የእንቅልፍ ደረጃ እንገባለን። በዚህ የሕልም እንቅልፍ ጊዜ አንጎል የሰውነትን ጡንቻዎች ይፈታቸዋል፤ የምናልመውን ሁሉ በአካል እንዳናደርገው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሚሼል ዡቬ ከ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በድመቶች ላይ ባደረገው ምርምር፣ ይህን ማሰሪያ የሚቆጣጠረው የአንጎል ግንድ ክፍል ሲጎዳ ድመቶቹ እንደተኙ ተነሥተው ሲያድኑና ሲጣሉ አሳይቷል። አንዳንድ ጊዜ ታዲያ የነቃው አእምሮ ከማሰሪያው ይቀድማል። ዓይን ተከፍቷል፣ ንቃት ተመልሷል፣ ጡንቻው ግን ገና አልተፈታም፤ ሕልሙም ገና አላለቀም። የሰውየው ክፍል እውነተኛ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ የቆመው እንግዳ ግን ከሕልሙ ተሻግሮ የመጣ ነው።

ደረት ላይ የሚሰማው ክብደትም ምክንያት አለው። በሕልም እንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽን በዋናነት የሚሠራው በሆድና በደረት መካከል ያለው ድያፍራም ነው፤ የደረት ጡንቻዎች ፈትተው ተኝተዋል። የነቃው ሰው በፈቃዱ በጥልቀት ሊተነፍስ ሲሞክር ደረቱ እምቢ ይለዋል፤ ይህንንም እንደ ጫና ይሰማዋል። የማይታይ ሰው አጠገብ እንዳለ መሰማቱም ቢሆን ከአንጎል ውጭ የሆነ ምክንያት ብቻ የሚሻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሐኪሞች የአንዲትን የሚጥል በሽታ ታማሚ አንጎል ለሕክምና ሲመረምሩ፣ ከጆሮ በላይ ወደ ኋላ ያለውን የግራ ክፍል በኤሌክትሪክ በነኩት ቁጥር ከኋላዋ አንድ ጥላ ሰው እንዳለና አቀማመጧን እንደሚከተል ነግራቸዋለች። አንጎላችን ስለ ራሳችን አካል የያዘው ሥዕል ሲዛባ፣ ራሳችንን እንደ ሌላ ሰው ልናገኘው እንችላለን።

ይህ የጥቂቶች ዕጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያሰባሰበ ግምገማ፣ ከጠቅላላው ሕዝብ 7.6 በመቶ የሚሆነው፣ ከተማሪዎች ደግሞ 28.3 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይህ እንደ ደረሰባቸው አሳይቷል። የተማሪዎች ቁጥር መብዛት ሊያስደንቀን አይገባም። እንቅልፍ ማጣት፣ የተዛባ ሰዓት፣ ጭንቀትና በጀርባ መተኛት ነገሩን ያመጡታል። የፈተና ሳምንት ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ስሙ፣ ልለፍ። አሜሪካዊው የፎክሎር ምሁር ዴቪድ ሃፈርድ በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ሰዎች ሌሊት ደረታቸው ላይ ስለምትወጣ «አሮጊት» ሲናገሩ ሰማ። በዘመኑ ምሁራን ዘንድ የተለመደው አስተሳሰብ ሰዎች ተረቱን ስለሰሙ ተረቱን ያልማሉ የሚል ነበር። ሃፈርድ ግን ስለዚህች አሮጊት ፈጽሞ ሰምተው የማያውቁ ሰዎችም ያንኑ ነገር በዝርዝር እንደሚናገሩ አገኘ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1982 በመጽሐፍ አሳተመ። ይህ ግኝት ነገሩን ገለበጠው። በዚህ ጉዳይ ተረቱ ልምዱን አልወለደም፤ ልምዱ ተረቱን ወለደ እንጂ። ጃፓኖች «ካናሺባሪ» ይሉታል፤ ቱርኮች «ካራባሳን»፤ እኛ «ዱካክ» እንለዋለን። ስሞቹ እርስ በርስ አልተቀዳዱም። የሰው ልጅ አካል አንድ ስለሆነ፣ አንድ ነገር በተለያየ ቋንቋ ተነገረ።

በእኛ አገር ይህ ቃል ሌላም ጠቃሚ ነገር ይነግረናል። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ሦስት ቃላት አሏቸው፤ ምርቃና፣ ሐራራ፣ ዱካክ። ጫት ለረጅም ጊዜ የቃመ ሰው ባቆመበት ሌሊት አስፈሪ ነገር መጥቶ ያንቀዋል፣ ይደበድበዋል፣ ያሳድደዋል፤ ይህንንም ዱካክ ይለዋል። አንዳንዱ «ዱካኩ ድርሻውን ጠየቀ» ብሎ ተመልሶ ይቅማል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ነው። እንዲህ ያሉ አነቃቂዎች የሕልም እንቅልፍን ያፍናሉ፤ ሲቆሙም የታፈነው ሕልም እንደ ጎርፍ ይመለሳል። እንግዲህ ቃሚው የነገረን እውነት ነው፤ ያቆመ ዕለት የሚጎበኘው ነገር አለ። ስሙ ግን ወደ ጫቱ መለሰው። «ይህ ያልፋል፤ ሰውነትህ እየተስተካከለ ነው» የሚለው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ያችን ሌሊት ታግሦ ያሳልፋት ነበር። የስም ጉዳይ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ የተረዳሁት ከዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ከዱካክ ሌላም ብዙ አለ። በለንደን እ.ኤ.አ. በ1882 የተመሠረተው የሥነ ልቡናዊ ምርምር ማኅበር በ1894 ባሳተመው ጥናት ለ17,000 ሰዎች አንድ ጥያቄ አቅርቦ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ነቅታችሁ ሳለ በአካል የሌለ ነገር አይታችሁ፣ ሰምታችሁ ወይም ዳስሷችሁ ያውቃል? ከአሥሩ አንዱ ገደማ አዎን አለ። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ልቤን የሚነካው ግን የሐዘን ጉዳይ ነው። ዌልስ ውስጥ ሐኪም የነበረው ዲዊ ሪስ ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውን 293 ሰዎች አነጋግሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳተመ። ግማሽ ያህሉ የሞተው የትዳር ጓደኛቸው አጠገባቸው እንዳለ ተሰምቷቸዋል፤ ጥቂቶቹም አይተውታል ወይም ድምፁን ሰምተዋል። አብዛኞቹ መጽናናት ሆኖላቸው ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ያሳፈራቸው የሞተው ባላቸው አይደለም፤ በሕይወት ያለነው እኛ ነን።

የእኛ ባህል በዚህ ረገድ ከብዙዎች የተሻለ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያልን ለሐዘን የጊዜ ሰሌዳ ሠርተንለታል። አርባው ሳይወጣ «ሌሊት በሩን ሲከፍት ሰማሁት» የምትል መበለት በእኛ ቤት እብድ አትባልም። ጎረቤት ይሰማታል፤ ጸሎት ይደረጋል፤ ንፍሮ ይቀርባል። እዚህ ላይ ስሙ ሰውን አስጠግቷል፤ ሰውን አላራቀም።

ሦስተኛው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል፤ የሰጠነው ስም ምን አስደረገን?

ስም መፈወስ እንደሚችል የሚያሳየው አንዱ ምሳሌ ዛር ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ውስጥ ለወራት ተቀምጦ መልካም አያሁ በተባሉ የዛር ባለቤት ቤት የሚሆነውን ይመዘግብ ነበር። በኋላ በ1958 ባሳተመው ጥናቱ ዛሩ ስም፣ ትውልድ፣ ልብስና ጠባይ እንዳለው፣ ታማሚዋም በዛሩ አፍ በራሷ አፍ የማትናገረውን እንደምትናገር አሳይቷል። በዚያው ዓመት ሳይመን ሜሲንግ የተባለው አንትሮፖሎጂስት የጎንደርን የዛር ስብስብ እንደ ማኅበራዊ ሕክምና ገልጾታል። የዛርን ህላዌ ለማጽደቅም ለመንቀፍም አላመጣሁትም። ሰው የማይሰማት ሴት ዛር ሲወርድላት ቤተሰብ ሁሉ ቆሞ ይሰማታል፤ ሽቶውም፣ ቡናውም፣ አዲስ ቀሚሱም ይመጣል። ስሙ ለሕመሟ ቦታ ሰጣት። እኛ ልንጠይቅ የሚገባን ይህን ቦታ ያለ ዛር ለምን ነፈግናት የሚለውን ነው።

የቀደሙ አባቶቻችን በክታብ ላይ የጻፉትንም በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናትን የምትገድለውን ወርዜልያን እንዴት እንደ ወጋት የሚናገረው ጸሎት በብራና ተጽፎ በእናቶች አንገት ታስሯል፤ ከአልጋቸው አጠገብ ተሰቅሏል። ከዚህ ጸሎት በስተ ጀርባ ያለው ልጆቻቸውን በተከታታይ ያጡ እናቶች ሐዘን ነው። ለሞታቸው ምክንያት ያልተገኘላቸው ሕፃናት ነበሩ፤ እናቲቱም ምክንያት ያስፈልጋት ነበር።

ነገር ግን ያው ስም ሲጎዳም አይተናል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 (እ.ኤ.አ.) በነገሡበት ዘመን በሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም መለኮታዊ ምልክት ብሎ ሰየመው፤ በቦታው ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ ደብረ ብርሃን ከተማም ስሟን ከዚያ አገኘች። ይህን ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙት ጸሐፍት አሉ። በዚያው ንጉሥ ዘመን፣ ዜና መዋዕሉ እንደሚነግረን፣ ደስክና ዲኖ ለተባሉ መናፍስት ሰግደዋል ተብለው የተከሰሱ ሰዎች ተቀጡ፤ ከእነርሱም መካከል የንጉሡ የራሱ ልጆች ነበሩ፤ ከቅጣቱ የተነሣ የሞቱም አሉ። አንድ ንጉሥ፣ አንድ ዘመን ነው። በአንዱ ስም ከተማ ተቈረቈረ፤ በሌላው ስም ልጆች ሞቱ።

ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ ቡዳን እናገኛለን። የሆድ ቁርጠት፣ ድንገተኛ መንቀጥቀጥ፣ የሕፃን ልጅ መክሳት፣ እነዚህ ሁሉ በእርግጥ የሚደርሱ ሕመሞች ናቸው። «ቡዳ በላው» ስንል ግን ስሙ ሕመሙን ከአካል አውጥቶ በሌላ ሰው ጀርባ ላይ ይጭነዋል። ያ ሌላ ሰው ማን ሆነ? ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው፣ ቤተ እስራኤላዊው። ማረሻችንን የሠሩልን፣ ምጣዳችንን ያበጁልን ሰዎች ናቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ ባለ እጅን በሥራው መስደብን መከልከላቸው፣ ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያስረዳል። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቃሉ ግን ዛሬም ከጋብቻ ሽምግልና በፊት በጓዳ ይነሣል።

የሚጥል በሽታም እንዲሁ ነው። መንገድ ላይ ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭረው የሚያሸቱትን አይታችኋል። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ሊረዱ ሮጠው የመጡ ናቸው። የሰጡት ስም ግን እጃቸውን ወደ ክብሪት ወሰደው፤ ወድቆ ራሱን እንዳይጎዳ ወደ ጎኑ ማዞር ሲገባቸው። መድኃኒት የሚያስታግሠው ሕመም በዚህ ስም ምክንያት ዓመታት ሙሉ በቤት ተደብቆ ይኖራል።

ስም ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ለማየት ከመካኒሳ ብዙ መራቅ አያስፈልገንም። ዘነበወርቅ ሄዳችሁ የአለርትን ሆስፒታል ተመልከቱ። የሥጋ ደዌ ለብዙ ዘመናት እርግማን፣ የዘር ጣጣ፣ የእግዚአብሔር ቁጣ ተብሎ ኖሯል። የታመመ ሰው ከቤቱ ተባሮ፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ፣ በልመና ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1873 ኖርዌጂያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ አገኘ። በ1965 አለርት ተቋቋመ፤ ጥቂት ቆይቶም በዚሁ ሐኪም ስም የሚጠራው የምርምር ተቋም አጠገቡ ተከፈተ። ዛሬ በሽታው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር በሚወሰድ የመድኃኒት ቅንጅት ይድናል። ደዌው ድሮም ያው ደዌ ነበር። የተለወጠው ስሙ ነው፤ ስሙ ሲለወጥ የተባረረው ሰው ተመልሶ ጎረቤት ሆነ። ተመልሶ የሄደበት መንገድ ረጅም እንደ ነበር፣ ገና እንዳላለቀም፣ በሰፈሩ የሚኖሩ ሰዎች ከእኔ በተሻለ ይነግሯችኋል።

ስም ወደ ልምዱም ይመለሳል። ባላንድ ጃላልና ዴቨን ሂንተን በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ግብፃውያንንና ዴንማርካውያንን አነጻጽረዋል። ነገሩ በሁለቱም አገር ይደርሳል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ጂኒ ነው ብለው በሚያምኑበት በግብፅ የመሞት ፍርሃቱ ይበረታል፤ መንቀሳቀስ ያለመቻሉም ጊዜ ይረዝማል። ፍርሃት እንቅልፍን ይሰብራል፤ የተሰበረ እንቅልፍ ደግሞ ዱካክን ይጠራል። በዚህ መንገድ ስሙ የራሱን ማስረጃ ያመርታል።

አሁን ከመካከላችሁ አንዱ በልቡ የሚጠይቀውን ልመልስ። «እንግዲህ መንፈስ የሚባል የለም ልትሉን ነው?» አይደለም። የአንጎልን አሠራር ማስረዳት የነገረ መለኮትን ጥያቄ አይዘጋም፤ ሊዘጋውም አይሞክርም። የሚያምን ሰው እግዚአብሔር በአንጎልም በኩል ሊናገር ይችላል ማለቱ የራሱ ጉዳይ ነው። እኔ የምለው ከእምነትም ከሳይንስም በፊት የሚመጣ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ ነው። ለደረሰበት ነገር የምንሰጠው ስም ዋጋ ያስከፍላል፤ ማነው የሚከፍለው? ስሙ ታማሚውን በሰንሰለት የሚያሳስር፣ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያቆራርጥ፣ መድኃኒት የሚያስጥል ከሆነ፣ የቱንም ያህል ጥንታዊ ቢሆን ልንፈራው ይገባል። «ቅዠት ነው፣ ሞኝነት ነው» የሚለው ስምም ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደለም፤ እርሱም ሰውን አፉን አስይዞ ብቻውን ያስቀራልና።

ተማሪዎቼ፣ ነገ ጓደኛችሁ «ዱካክ ተጫነኝ» ቢላችሁ አትሳቁበት፤ አታስደንግጡትም። መጀመሪያ ስሙት። ከዚያ ጠይቁት። ስንት ሰዓት ተኝቶ ነበር? በጀርባው ነበር? ፈተና ላይ ነው? ጫት ይቅማል ወይስ በቅርቡ አቆመ? ሰው ሞቶበታል? በጎኑ እንዲተኛ፣ የእንቅልፍ ሰዓቱን እንዲያስተካክል ንገሩት። እንደገና ሲመጣበት ከመታገል ይልቅ በዝግታ እየተነፈሰ አንዲት ጣቱን ለማንቀሳቀስ ይሞክር፤ ብዙ ሰዎችን ይረዳልና። ቀን ቀን ሳያስበው እንቅልፍ የሚጥለው ከሆነ፣ ራሱን ስቶ የሚወድቅ ከሆነ፣ ነቅቶ ሳለ ዘወትር ድምፅ የሚሰማና የሚሠቃይ ከሆነ ግን ሐኪም ዘንድ አብራችሁት ሂዱ። ጠበል ከሄደም አትከልክሉት፤ የጀመረውን መድኃኒት እንዳያቋርጥ ግን አደራ በሉት። ሁለቱን እንዲመርጥ የሚያስገድደው ሰው የለም።

ባልደረቦቼን ደግሞ የምለምነው አንድ ነገር ነው። እነዚህን ትረካዎች እንሰብስብ። የሥነ ልቡና ምሁሩ፣ የፎክሎር ምሁሩ፣ የነገረ መለኮት መምህሩና ሐኪሙ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሕዝባችንን ቃል በሕዝባችን ቋንቋ ይመዝግቡ። በተሰጣቸው ስም ከመከፋፈላቸው በፊት፣ ገና በተናጋሪው አፍ ላይ ሳሉ እንስማቸው። እንዲህ ካደረግን፣ በሌሊት ብቻውን የደነገጠው ሰው ጠዋት የሚነግረው ሰው ያገኛል።